ለሲኒማ የተለቀሰ ለቅሶ

ኧረ እንዲያው፣ ሰው በገዛ ቤቱ ላይ ሐዘን ይጠራል? ሰገነት ግን ሳታውቀው ጠራች። ከጊዮርጊስ ጀርባ ባለችው ጠባብ ግቢ ባሏ እምሩ በሳምባ በሽታ አልጋ ከያዘ ከርሟል። አናጢ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሲያነሣ የማይደክመው ያ ክንድ አሁን ኩባያ ሲያነሣ ይንቀጠቀጣል። ነፍሱን ያቆያት አንድ ተስፋ ብቻ ነው፤ ኮንጎ የዘመተው አንድ ልጃቸው ካሣሁን። «እሱን ሳላይ አልሞትም» ይላል። ሰገነትም «አምላኬ፣ ልጁ እስኪመጣ ብቻ አቆይልኝ!» ከማለት በቀር ሌላ ጸሎት አልነበራትም።

አትክልት ተራ ሽንኩርት የምትቸረችር ሴት ናት፤ ለቅሶ ቤት ሙሾ ስታወርድ ግን ድንጋይ ታስለቅሳለች ይሏታል። ይህን የሰማ ኪዳነማርያም የሚባል ወጣት ሲኒማ ሠሪ ቤቷ ድረስ መጣ። «እትዬ ሰገነት፣ ቴአትር የተማረ አልፈልግም፤ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ነው የምፈልገው። የልጇን መርዶ የምትሰማ እናት ይሁኑልኝ» አላት። ልጇ ጦር ሜዳ ላለ እናት! ክው አለች። ግን የእምሩ መድኃኒት አልቋል፤ ምን ታድርግ? እሺ አለች። እምሩ «ሟርት ነው» ብሎ እንዳይከፋ ፈርታ፣ «የሰርግ ሲኒማ ነው፤ እልል ነው የምለው» ብላ ዋሸችው። ቀረጻው እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ነበርና፣ በዕለቱ ጎረቤታቸው ጥሩነሽ እምሩን ደግፋ ወደ ቤቷ ወሰደችው።

ካሜራው መዞር ጀመረ። ሰገነት የተነገራትን ስም እየጠራች አለቀሰች። «ኧረ ከአንጀትዎ!» አለ ኪዳነማርያም። ያን ጊዜ አፍና የያዘችው ፍርሃት ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። ደረቷን እየደቃች፣ «ካሣሁን! ካሣሁን ልጄ! በሰው አገር ቀረህ ወይ!» ብላ ጮኸች። ለማስመሰል የተሰበሰበው የሰፈር ሰው ሁሉ የእውነቱን አነባ።

እልልታዋን ልስማ ብሎ በጥሩነሽ ደጃፍ የተቀመጠው እምሩም ሰማ… ግድግዳ ይዞ፣ እየወደቀ እየተነሣ መጣ።

«ሞተ?»

«ኧረ ሲኒማ ነው! በጊዮርጊስ፣ ሲኒማ ነው እምሩዬ!»

«የሰርግ ነው ብለሽኝ አልነበር?»

ሰገነት ልትደግፈው ክንዱን ያዘች።

«ተይው ግዴለም» አላት እያቃሰተ። «እኔስ ወንድሜ ታሞ ሳለ የእናታችንን ሞት ደብቄው የለ? ለበሽተኛ መርዶ አይነገርም። አልቀየምሽም…»

ኪዳነማርያም ካሜራውን አሳየው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ማለ፣ ተገዘተ። ምን ዋጋ አለው! ሁሉም ሊያጽናናው የሚዋሽ መሰለው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፤ ውኃ እንኳ አልቀምስም አለ። ሲነጋጋ አረፈ።

ሰልስቱ ሳይወጣ ካሣሁን ሻንጣውን አንግቶ ድንኳን የተተከለበት ግቢ ገባ። ደህና፣ ሙሉ ሰው ሆኖ! ወይ ዕድል! ጥቂት ቀን ብታስቀድሚው ምን ይጎድልብሽ ነበር? ሰው ለእንጀራ ብሎ በሚሠራው ጨዋታ እንኳ ገብተሽ ትጫወቺበታለሽ?

«እማዬ፣ አባባስ?» አለ ካሣሁን ድንኳኑን እያየ።

ሰገነት አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ያ ድንጋይ የሚያስለቅስ ድምፅ ጠፍቶባት በሹክሹክታ፣ «አንተን ብሎ ሄደ ልጄ» አለችው። «እዚያ ሲያጣህ ምን ይል ይሆን?»