የእህተማርያም ቧንቧ

የእህተማርያም አስከሬን የተገኘው ቅዳሜ ጠዋት፣ የዳንግላ ገበያ ገና ሳይሞላ ነበር። «ጠብታ» የተባለው የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር መጋዘን ውስጥ በግንባሯ ተደፍታ ወድቃለች። አጠገቧ ክንድ የሚያህል የብረት ቧንቧ ተጋድሟል። ያንን ቁራጭ ከአሮጌው መስመር ያስቆረጠችው እሷው ነበረች። ውስጡ በዝገት ተደፍኖ ጣት እንኳ አያስገባም። በዚያው ዕለት ገበያ መሀል አቁማ፣ ከምንጩ የተነሳው ውሃ በየመንገዱ የሚቀረው፣ የደረሰውም የሚደፈርሰው በምን እንደሆነ ለሕዝቡ ልታሳይበት ነበር። አሁን ጫፉ ላይ ደም ደርቆበታል።

ምርመራውን እንድትይዝ ከእንጅባራ የተጠራችው ኢንስፔክተር ዋሂዳ ኑርሁሴን፣ የዚያው ከተማ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። ጎንበስ ብላ ቧንቧውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ሻካራው ዝገት ላይ ጥቂት ነጫጭ የጥጥ ክሮች ተይዘው ቀርተዋል።

ከተማው ግን ገዳዩን አስቀድሞ አግኝቶ ነበር። የሟች ባል ቢሻው ቀናተኛ መሆኑን የማያውቅ የለም። እሷ ዛሬ እድር፣ ነገ መስጊድ ደጃፍ፣ ከነገ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እየዞረች ስለ ውሃ ስታስተምር፣ እሱ ከሩቅ ቆሞ ማን እንደሚያያት ሲጠባበቅ ይውላል። በዚያው ሳምንት ከማኅበሩ መሐንዲስ ከአበረ ጋር ስትስቅ አይቶ በሰው ፊት ሰድቧታል። ፖሊስም ይዞ ጣቢያ አስገብቶታል፤ በር ላይ የተሰበሰበውም ሰው ይዛትበታል።

ዋሂዳ ቢሻውን ይዛ ወደ ቤቱ ሄደችና መጀመሪያ የሚጠጣ ውሃ ለመነችው። ከቧንቧው የቀዳላት ውሃ የሻይ መልክ ነበረው። አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሟች መጨረሻ በታየችበት ሰዓት፣ የት እንደነበረ ስትጠይቀው፣ ከቤት እንዳልወጣ አቀርቅሮ ነገራት።

«ገድለሃታል?»

«አልገደልኳትም።»

«ታዲያ የምትደብቀኝ ምንድን ነው?»

ብርጭቆውን ከእጇ ተቀብሎ ወደ ጓዳ ገባ።

ከዚያ ወደ አበረ ቤት አለፈች። አበረ አርብ ዕለት ለሥራ አዲስ ቅዳም ሄዶ እዚያው ማደሩን ብዙ ሰው መስክሮለታል። ሚስቱ ሸጋ ግን ቤት ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ለዋሂዳ በጨርቅ አጥልላ የሰጠቻት ውሃ ያም ሆኖ ቢጫነቱ አልለቀቀውም። ሸጋ የልቧን አልሸሸገችም።

«ጠልቻት ነበር» አለች። «ባሌ እራት ቀርቦ እንኳ ስሟን ያነሳል። እህተማርያም እንዲህ አለች፣ እህተማርያም እንዲህ አደረገች። መሞቷን ስሰማ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ አለቀስኩ።»

መጨረሻ የሄደችው አቶ አስማረ ዘንድ ነው። ከእህተማርያም በፊት የማኅበሩ ድምፅ እሳቸው ነበሩ፤ ጋሪ ላይ ሞንታርቦ አስጭነው ስለ ውሃ ጥቅም እየለፈፉ ከተማውን ሲዞሩ አርጅተዋል። ውሃ ስትጠይቃቸው ከግቢው ቧንቧ ጥርት ያለ ቀዱላት፤ እስከ ጭላጩ ጠጣችው። ገመድ ላይ የተሰጣ ነጭ ጋቢ በረኪና በረኪና ይሸታል። አንደኛው ጫፉ ላይ ቡናማ እድፍ አለ።

«የቧንቧው ውሃ ነው ያበላሸብኝ፣ ልጄ» አሏት፣ ዓይኗን ተከትለው። «ዳንግላ ውስጥ ነጭ ልብስ ነጭ እንደሆነ አይቆይም።»

አርብ ዕለት እኩለ ቀን ላይ ቤት ገብተው እንዳልወጡ ነገሯት። ስለ ሟች ሲያወሩ «ያቺ ልጅ» ይላሉ እንጂ ስሟን አይጠሩም።

በማግስቱ ዋሂዳ አራቱንም በማኅበሩ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ከአቶ አስማረ ግቢ ያስመጣችውን ጋቢ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

«ገዳዩ ቧንቧውን የያዘው በነጭ የጥጥ ልብስ ጠቅልሎ ነው፤ ክሩ ዝገቱ ላይ ቀርቷል» አለች። «ይህ ጋቢ የጋሽ አስማረ ነው። እድፉ ከቧንቧ ውሃ የመጣ ነው ብለውኛል። በየቤታችሁ ውሃ የጠየቅሁት ግን ጠምቶኝ አልነበረም። እህተማርያም ምን ታስተምር እንደነበር በዓይኔ ለማየት ነው። የሁለታችሁ ቤት ውሃ ድፍርስ ነው። የጋሽ አስማረ ጥርት ያለ ነው። ለምን ይሆን፣ አበረ?»

አበረ የእሳቸው ሰፈር አሮጌ መስመር በቅርቡ ወጥቶ በፕላስቲክ ቧንቧ መተካቱን ተናገረ። «ከእሳቸው ሰፈር እንድንጀምር የለመነችን እህተማርያም ናት» አለ። «ዕድሜያቸውን ለዚህ ሰጥተዋል፤ ንጹሑ ውሃ መጀመሪያ ለእሳቸው ይድረስ አለችን።»

አቶ አስማረ ቀና ብለው አዩት። ይህን አያውቁም ነበር።

ዋሂዳ ቀጠለች። ልብስ ያጠበው ውሃ ድፍርስ ቢሆን ኖሮ ጋቢው ከዳር እስከ ዳር ይቀላ እንደነበር፣ ይህ እድፍ ግን በአንድ ጫፍ፣ ያውም በእጅ ጭብጥ ልክ መሆኑን አሳየቻቸው። የዝገትን እድፍ በረኪና እንደሚያጸናው እንጂ እንደማያስለቅቀውም ከአባቷ ሱቅ ተምራለች። ከዚያ ወደ ቢሻው ዞረች።

«አርብ ዕለት ተከትለሃታል። ለማፈር ጊዜው አይደለም፤ ተናገር።»

«እስከ መጋዘኑ ደጃፍ ተከተልኳት» አለ ቢሻው። «ከማን ጋር እንደምትገናኝ ላይ ብዬ አጮለቅሁ። ጋሽ አስማረ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ምን ያሰጋኛል ብዬ ተመለስኩ።»

አቶ አስማረ ጋቢውን እንጂ ማንንም አላዩም።

«እኔ ስናገር ሰው ባልዲውን እንደያዘ ያልፍ ነበር» አሉ። «ያቺ ልጅ ስትናገር ባልዲውን መሬት አስቀምጦ ይሰማል። አርብ ዕለት ቧንቧውን አሳየችኝና፣ ነገ ከጎኔ ይቆማሉ አለችኝ። ከጎኗ።»

እጃቸውን በር ላይ ለቆሙት ፖሊሶች ዘረጉ። ፖሊሶቹ ይዘዋቸው ሲወጡ ሸጋ መንገድ ለቀቀችላቸው።

ቢሻው ነጻ ነህ ቢባልም ከወንበሩ አልተነሳም። ስሙን መስማት ይጠላ ወደነበረው ወደ አበረ ዞረ።

«ስትናገር ሁልጊዜ እዚያው ነበርኩ» አለው። «ማን እንደሚያያት ስከታተል፣ ምን እንደምትል አንድ ቀን አልሰማሁም። ምን ነበር የምትለው?»

አበረ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠና ከምንጩ ጀምሮ ነገረው።