የተበላው መንገድ

መጀመሪያ ድምፁ መጣ። ሾፌሩ የጭነት መኪና መሰለው፤ ጭስ ማውጫው ተቀዶ በከባድ ማርሽ ዳገት ላይ የሚያቃስት መኪና። ግን በዚህ ጠባብ ገደል ውስጥ እንኳን መኪና አህያም አይዞርበትም። ቀና ብሎ አየ። በሁለቱ ቀይ ግድግዳዎች መሐል የሚታየው ሰማይ ጥርት ያለ ነው፤ የደመና ዘር የለበትም።

«ውጣ!» አለ ከፊቱ የሚሄደው ሰውዬ።

«ምንድነው?»

«ውጣ አልኩህ!»

ሰውዬው ዘሎ የድንጋዩ እርከን ላይ ወጣና እጁን ወደ ታች ሰደደ። የያዘው የሾፌሩን ክንድ አልነበረም፤ ጀርባው ላይ የታሰረውን ቦርሳ ነው። ሾፌሩ ከቦርሳው ጋር አብሮ ተጎተተ። እግሩ ገና ከመሬት እንደተላቀቀ ቡናማ ጎርፍ ግንድና ቋጥኝ እያንከባለለ ከሥሩ አለፈ። ዝናቡ የዘነበው ከዓይን በራቀ ተራራ ላይ ነው።

ነፍሱ መለስ ስትልለት ሾፌሩ መትረፉን አላሰበም። «እኔን ትቶ ቦርሳውን ነው የያዘው» አለ በሆዱ።

ቦርሳው ውስጥ በበረዶ የታጨቀ ፔርሙስ አለ፤ በፔርሙሱ ውስጥ የአባቱ ኢንሱሊን። አባቱ በዚህ የበረሃ ገደል ፓርክ የታችኛው የድንኳን ሰፈር ጠባቂ ናቸው። ጎርፍ የመኪናውን መንገድና ጄኔሬተሩን ጠርጎ ከወሰደ ወዲህ ማቀዝቀዣቸው ሞቶ፣ የነበራቸው መድኃኒት ሁሉ ተበላሽቷል። በሬዲዮ ሲናገሩ ቃላቸው እንደ ሰከረ ሰው ይጎተት ነበር። በረዶው ሟሙቶ ሳይሞቅ፣ ዛሬውኑ መድረስ አለበት።

መንገድ የሚመራ ሰው ሲጠየቅ ከፓርኩ ሠራተኞች እጁን ያወጣው አንድ ብቻ ነው፤ ይኸው ከፊቱ የሚሄደው ሰውዬ፣ የሾፌሩ እህት የቀድሞ ባል። እነሱ ቤት «ጭጭ» ነው የሚባለው። ከእሱ አፍ ቃል ከማውጣት ከዚህ በረሃ ዓሣ ማጥመድ ይቀላል። አንድ ቀን ጠዋት ጫማውን አስሮ ከእህቱ ቤት ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የሰማ የለም። ሾፌሩ ድሮ «ጋሼ» ይለው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ «አንተ» ብቻ ሆነ። እህቱማ «ከእሱ ጋር አንድ መንገድ አልረግጥም» ብላ፣ የስኳር መለኪያውንና ስንቁን ይዛ ለብቻዋ ከኋላ ልትከተል ተስማማች።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ጥሎት ለሄደ ቤት ምን ብሎ ይለፋል? ሾፌሩ ጎብኚ ሲያመላልስ የማይሰማው ወሬ የለም፤ አባቱ አንድ ነገር ቢሆኑ የታችኛው ሰፈር ጠባቂነት ለጭጭ እንደሚደርሰውም ሰምቷል።

«ቦርሳውን ላግዝህ» አለ ጭጭ።

«ሲደክመኝ እነግርሃለሁ።»

ጭጭ ትከሻውን ነቅንቆ ቀደመ።

ጎርፉ ሲጎድል ወርደው ወደ ጎብኚዎች ማረፊያ ደረሱ። የሲሚንቶ ጠረጴዛዎች፣ የተገለበጠ የቆሻሻ በርሜል፣ «እንስሳትን መመገብ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ። ሰሌዳው ላይ አንድ ግዙፍ ዝንጀሮ ጉብ ብሏል። ጎብኚ ከቀረ ወዲህ ብስኩት የናፈቀው መንጋ ቦርሳ ሲያይ አበደ። ግዙፉ ዘሎ የሾፌሩን ቦርሳ ማሰሪያ ጨበጠ፤ ጥርሱ ፊቱ ላይ ተገለጠ። ወዲያው አንድ ድንጋይ የሾፌሩን ጆሮ ታክኮ አለፈ። ዝንጀሮው ጮኾ ለቀቀው።

«ጆሮዬን ልትነቅለው ነበር እኮ!»

«ጆሮህ አለ አይደል?» አለ ጭጭ።

ሾፌሩ ጆሮውን እየዳበሰ ተከተለው። ድንጋዩ የተወረወረው ለዝንጀሮው ነው ወይስ ለእሱ? ማን ያውቃል።

ከማረፊያው አለፍ ብሎ ገደሉ ለሁለት ይከፈላል። በቀኝ በኩል፣ አናታቸው ነጭ ቀለም የተቀባ የድንጋይ ካቦች ለጎብኚ መንገድ እያመለከቱ ይቀጥላሉ። ጭጭ የመጀመሪያውን ካብ በእግሩ ናደው። ቀጥሎ ያለውንም፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውንም። ከዚያ ወደ ግራ፣ አንዳች ምልክት ወደሌለበት ስንጥቅ ታጠፈ።

«መንገዱ በዚያ አይደል እንዴ?»

«ተበልቷል።»

«ማን በላው? ጅብ?»

«ጎርፍ።»

«አይተኸዋል?»

ጭጭ ስንጥቁ ውስጥ ገባ።

ሾፌሩ ደሙ ፈላ። ካብ ማፍረስ ከኋላ የሚመጣን ሰው ማሳት ነው፤ ከኋላ የምትመጣው ደግሞ እህቱ ናት። «እኛን ለያይቶ ሊያጠፋን ነው» አለ በሆዱ። ጫማውን የሚያስር መስሎ ጎንበስ አለና ካቦቹን አንድ ባንድ መልሶ ካባቸው፤ ነጩን ድንጋይ ከላይ አስቀመጠ። ለእህቱ የደረሰላት መስሎት ሆዱ ቅቤ ጠጣ።

ስንጥቁ ወደ ላይ ይወጣል። በክርናቸውና በጉልበታቸው እየቧጠጡ ወጡ። ድንጋዩ እንደ ጋለ ምጣድ መዳፍ ይጠብሳል። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ማዶ ያለው ግድግዳ ወገቡ ላይ የጎብኚው መንገድ እንደ ክር ታየ። ክሩ መሐል ላይ ተበጥሷል። አንድ ትልቅ አፍ ገምጦት የሄደ ይመስል፣ ከመታጠፊያው ወዲያ መንገድ የለም፤ ገደል ብቻ። ከወዲህ የሚመጣ ሰው ደግሞ ጫፉን ካልረገጠ በቀር አያየውም።

ሾፌሩ ወደ መጡበት ዞረ። «ካብኋቸው» አለ።

«ምኑን?»

«ያፈረስካቸውን። እትዬ እንዳትጠፋ ብዬ…»

ጭጭ ዞሮ አየው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ስንቱን?»

«ሁሉንም።»

ቦርሳው ውስጥ በረዶው ውሃ ሆኖ ሲንቦጫቦጭ ይሰማል። ከዚህ በታች ያለውን መንገድ የሚያውቀው ጭጭ ብቻ ነው፤ የመጡበትን ግን አሁን ሁለቱም ያውቁታል፤ ወደ እህቱ መመለስ ያለበት ሾፌሩ ነው። ሾፌሩ የቦርሳውን ማሰሪያ ያዘ፤ ጣቶቹ እምቢ አሉት። ይህ ሰው ፔርሙሱን ድንጋይ ላይ ቢከሰክሰው ማን ያያል? «ሙቀት አበላሸው» ቢል ማን ይመሰክራል?

«እንካ» አለ በመጨረሻ። «ያዝልኝ፣ ጋሼ።»

ጭጭ ቦርሳውን አዘለ፤ የራሱን ገመድ ከትከሻው አውርዶ ወረወረለትና ወደ ታች ተሰወረ።

ሾፌሩ የመጡበትን ስንጥቅ ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በቂጡ እየተንሸራተተ ወረደ። መለያያው ላይ ካቦቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። አጠገባቸው አዲስ የጫማ ዱካ አለ። እየሮጠ በእግሩ ናዳቸው።

እህቱን መታጠፊያው ላይ አገኛት።

«እትዬ! ቁሚ!»

«አንተ? ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«ንቅንቅ እንዳትዪ!»

ከእግሯ ሥር ጠጠር ሸሸ፤ መሬቱ እንደ ደረቀ ዳቦ ተሰነጠቀ። ገመዱን ወረወረላት። ወገቧ ላይ ጠምጥማ ሳትጨርስ የቆመችበት ወረደ። ሾፌሩ ሁለት እግሩን ቋጥኝ ላይ ተክሎ ያዘ፤ ገመዱ የመዳፉን ቆዳ ይዞ ሄደ። ጮኸ፤ ግን አልለቀቀም። እሷ በክርኗ እየቧጠጠች ወጥታ አጠገቡ ተዘረረች።

«እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ምልክት የካበ ማን ነው?» አለች ትንፋሿ ሲመለስ።

«እኔ ነኝ።»

«ጎበዝ! የኔ አንበሳ! መድኃኒቱስ?»

«ከጭጭ ጋ— ከጋሼ ጋር ነው።»

ትጮኽብኛለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ጉልበቷን አራግፋ ተነሳች። «እንግዲያው ይደርሳል» አለች። «እኔን ነው የጣለኝ እንጂ፣ ያ ሰው የያዘውን ዕቃ ጥሎ አያውቅም።»

ሾፌሩ አላመነም። ስንጥቁን ወጥተው አፋፉን ሲሻገሩ፣ አሻሚ በሆነ ቦታ ሁሉ ትንንሽ አዳዲስ ካቦች ጠበቋቸው። አንደኛው ግን ወደ ገደል አፍ ነበር የሚያመለክተው።

«ይኸው! አላልኩም?»

እህቱ በደረቷ ተኝታ ወደ ታች አየች። «ደረጃ አለ» አለች። ከድንጋዩ የተፈለፈለ ደረጃ፣ ከላይ የማይታይ።

የታችኛው ሰፈር ሲደርሱ ፀሐይ ግድግዳው ላይ ቀልታ ነበር። ሾፌሩ የቆርቆሮውን ቤት በር በትከሻው ገፋ። አባቱ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ገርጥቷል፣ ዓይናቸው ግን ሰው ይለያል። ያገለገለ መርፌ ጠረጴዛው ላይ አለ።

«ምን አቆያችሁ?» አሉ አባቱ። «ይኸ ሰው እኮ ብቻውን ሞተልኝ።»

ጭጭ ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ነበር። የጫማው ሶል ተገንጥሎ የእግሩ ጣት ይደማል። የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዟል።

እህቱ ከበሩ ላይ አልተንቀሳቀሰችም። ከላይ እስከ ታች አቧራ ለብሳለች፤ ገመዱ ገና ወገቧ ላይ ነው። ጭጭ ገመዱን አየ። ቀጥሎ ፊቷን። እሷ ልትናገር አፏን ከፈተች።

እሱ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ኮፍያውን አንስቶ በአጠገቧ አልፎ ወጣ።

«ወዴት ነው እሱ?» አሉ አባቱ። «አሁን እኮ ነው የተቀመጠው!»

ሾፌሩ ተከትሎ ብቅ አለ። «ጋሼ!»

ጭጭ አልዞረም። እያነከሰ ከሰፈሩ አጠገብ ያለውን ወንዝ ይዞ ወደ ላይ ወጣ።