የኤርጎ ፍሬዛ

ወረቀቱ ለፖሊስ መርማሪዋ ለሃምሳ አለቃ ውባየሁ የደረሳት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከምሳ እንደተመለሰች ነበር። «አበልጄ፣ ወርክሾፑ ውስጥ አደጋ ደርሶ ልጄ ኤርጎ ሞተብኝ። ሌላ ሰው ሳትልኪ ራስሽ ድረሺልኝ» ይላል። ጽሑፉ የአቶ ንጉሤ ነው፤ የበኩር ልጇን ክርስትና ያነሡላት፣ ባሏ ሲታመም አርባ ምንጭ ድረስ በመኪናቸው የወሰዱላት ሰው።

ወሩ ኅዳር፣ ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነበር። ውባየሁ ሣር የለበሰውን የጂንካን አውሮፕላን ማረፊያ እየሮጠች አቋርጣ፣ ለትራክተርና ለውሃ ፓምፕ መለዋወጫ ወደሚሠራበት የቆርቆሮ አዳራሽ ገባች።

ኤርጎ ብረት በምትልገው ማሽን፣ በትንሿ ፍሬዛ ሥር በጀርባው ተዘርሯል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ከጂንካ በላይ ካለው ተራራ የመጣ፣ ከቀጥቃጭ ቤት የተወለደ የአሪ ብሔረሰብ ልጅ፤ አቶ ንጉሤ አሥር ዓመት እንደ ልጃቸው ያስተማሩት። የቀኝ ጆሮ ግንዱ ተሰብሯል። አጠገቡ ጡጫ የሚያህል ብረት ወድቋል፤ ጠርዙ ደም ነክቶታል። የፍሬዛዋ ሞተር እስካሁን ያጉረመርማል።

ውባየሁ ሞተሩን አጠፋች። አቶ ንጉሤ፣ የወርክሾፑ ኃላፊ፣ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ።

«ማሽን በላብኝ» አሉ። «ከንጋት ጀምሮ ወይጦ ቆላ ነበርኩ፤ ትራክተር ተሰብሮ። ሰባት ተኩል ላይ ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«እንዴት ሊሆን ቻለ ይላሉ?»

«ብረቱ ጠረጴዛዋ ላይ ይታሰራል፤ ጠረጴዛዋ እየተንሸራተተች ወደሚሽከረከረው ቢላ ታቀርበዋለች። መንሸራተቻዋ ከላላ ቢላው ብረቱን ነክሶ ይነጥቅና ይወረውራል። ክፍተቱን እንዲሞላ ያስገባው ነሐስ ላሜራ አላጠበቀለትም። ሳያስተውል አስነሣት።»

ውባየሁ ጠረጴዛዋን ይዛ ነቀነቀቻት። ተንቋቋች። ላሜራውን ከጎን የሚገፉት ሦስት ቡሎኖች ዳዶዎቻቸው ላልተዋል። የተባለው ሁሉ ልክ ይመስላል።

«እግዜር ያጽናዎ፣ አበልጄ» አለች፤ ከልቧ ነበር።

«ነገ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ። ዛሬውኑ ብንቀብረው…»

«ለወጉ ያህል ሁለቱን ሠራተኞች ላነጋግርና።» ደብተሯን ልታጥፍ ስትል ዓይኗ መካከለኛው ዳዶ ላይ አረፈ። ቀይ ቀይ ሰረዝ አለበት። ሌሎቹም አላቸው፤ የመካከለኛው ግን ሁለት ነው።

በያጁ ለማ ውጭ ከዋንዛው ሥር ቆሟል። ትከሻው ሰፊ፣ አፉ ክፉ ሰው ነው ይሉታል።

«ከሟቹ ጋር ትጣላ ነበር አሉ።»

«አልደብቅዎትም። የቀጥቃጭ ልጅ ነው ብዬ አንድ ትሪ ላይ አብሬው በልቼ አላውቅም። ይህንንም በፊቱ ነግሬዋለሁ።»

«በምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ወይዘሮ ተዋበች ምግብ ቤት፤ ከአስካለ ጋር። ሰባት ተኩል ላይ የጋሽ ንጉሤን ጩኸት ሰምተን መጣን። ኤርጎ ‹ጋሼን እጠብቃለሁ› ብሎ ቀረ።»

«ማሽኗ ልል እንደሆነች ታውቃለህ?»

ለማ ዓይኑን አፈጠጠባት። «የኤርጎ ፍሬዛ? ሦስት ወር ሙሉ መንሸራተቻዋን ሲፍቅ የከረመ ሰው! ሰማያዊ ቀለም ይቀባና ጠረጴዛዋን ያንሸራትታል፤ ቀለሙ የተፋቀበትን ጉብታ በብረት መፋቂያ ይልጋል፤ ደግሞ ይቀባል። ዛሬ ለምሳ ስንወጣ በአንድ ጣቱ ገፍቶ አሳየኝ። ቅቤ ላይ የምትሄድ ትመስላለች፤ ወደ ጎን ቢነቀንቋት ግን ፍንክች የለም።»

«ውስጥ ያለው ላሜራ ምንድን ነው?»

«ብረት ነዋ። ከገባ በኋላ ከውጭ አይታይም፤ ግን ሁልጊዜም ብረት ነው።»

«ዳዶዎቹ ላይ ያለው ቀይ ነገርስ?»

«የኤርጎ ምልክት ነው። አጥብቆ ሲጨርስ ከዳዶው እስከ ማሽኑ ገላ አንድ መስመር ያሰምራል። ዳዶው ከዞረ መስመሩ ይሰበራል።»

«ሁለት መስመር የሚያሰምርበት ጊዜ አለ?»

«ለምን ብሎ? አንድ ይበቃዋል።»

ውባየሁ ተመልሳ ገባች። ተንበርክካ መካከለኛውን ዳዶ በክብሪት እንጨት ጫፍ ነካካችው። አንደኛው ሰረዝ ደማቅ ቀይ ነው፤ ሁለተኛው ወደ ቡናማነት ሄዷል፣ ሲነኩት ይፈረፈራል። ቀስ ብላ ተነሣች። አቶ ንጉሤ ከሳጥኑ ላይ ሆነው ያዩዋታል፤ እሷ ግን ወደ እሳቸው አላየችም። ልቧ ውስጥ አንድ ነገር ተንዶ ነበር፤ ስሙን ልትጠራው ግን ፈራች።

መጋዘኑ ውስጥ አስካለ፣ ዕቃ ጠባቂዋና ታይፒስቷ፣ ዓይኗ አብጧል።

«ዛሬ ጠዋት ከአንቺ ምን ወሰደ?»

«ነሐስ። ከተጣለ ፓምፕ የወጣ ቁራጭ። ‹ብረት ከብረት ይፋጃል፤ ነሐስ ባስገባ ይለሰልሳል፤ ዛሬ መንገድ ላይ ነው የታየኝ› አለኝ። ለጋሽ ንጉሤ ላስደንቃቸው ነውና ለማንም አትንገሪ ብሎ አስማለኝ።»

«ከዚያስ?»

አስካለ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «እኔ ነኝ ጦሱን ያመጣሁበት። በነሐሴ ጋሽ ንጉሤ ደብዳቤ አስመቱኝ፤ ‹እኔ የፈጠርኩት የፍሬዛ ማሻሻያ› የሚል፣ ከሥዕል ጋር። ትናንት መልሱ መጣ። ለሁለት ዓመት ትምህርት ምሥራቅ ጀርመን ሊልኳቸው ነው፤ የነገዎቹ እንግዶች ማሽኗን አይተው ሊያጸድቁ ነው። ኤርጎ የሚያውቅ መስሎኝ ‹መምህርህ ሊሄድልህ ነው፣ እንኳን ደስ አለህ› አልኩት።»

«ምን አለ?»

«‹ስሜን መጻፍ ረስተው ይሆናል፤ ሲመጡ እጠይቃቸዋለሁ› አለ።»

«ዋናው ሥዕል የት አለ?»

«መሳቢያቸው ውስጥ። መለዋወጫ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው።»

አሥር ሰዓት ላይ ውባየሁ ሁሉንም በፍሬዛዋ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። የኤርጎ አባት ከተራራው በእግራቸው ወርደው ደርሰዋል፤ ሸራ በተከናነበው ልጃቸው ራስጌ ቆመዋል። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ናቸው።

«ማሽኗ ላልታ ገደለችው ተባለ» አለች ውባየሁ። «ሦስቱም ዳዶዎች ግን እኩል ግማሽ ዙር ነው የዞሩት። በመንቀጥቀጥ የሚላላ ነገር አንዱ ብዙ፣ አንዱ ጥቂት ይዞራል። ይህ የሰው እጅ ነው። ደግሞ እዩ፤ መካከለኛው ዳዶ ላይ ሁለት ሰረዝ አለ። አንዱ የኤርጎ ቀለም ነው። ሁለተኛው ደም ነው፤ ከዳዶው ወደ ማሽኑ ገላ የወረደ። ሁለቱም እኩል ተሰብረዋል።»

«ታዲያ?» አለ ለማ።

«ደሙ ሲወርድ ዳዶው ጥብቅ ነበር። የላላው ኤርጎ ከተመታ በኋላ ነው። ብረቱን ቢላው አልወረወረውም፤ ሰው በእጁ አንሥቶ ነው የመታው። ከዚያ ዳዶዎቹን አላላ፣ ሞተሩን አስነሣ።»

አስካለ አንድ እርምጃ ከማሽኗ ራቀች።

«ለማና አስካለ እስከ ሰባት ተኩል ከምግብ ቤቱ አልወጡም፤ ወይዘሮ ተዋበችን ጠይቄያለሁ። ኤርጎ ዛሬ ጠዋት ነሐስ ላሜራ አስገባ። ከአስካለ በቀር ያወቀ የለም፤ ለማ እንኳ አጠገቡ እየዋለ ብረት ነው አለኝ። ከንጋት ጀምሮ ወይጦ ነበርኩ ያሉት አቶ ንጉሤ ግን፣ ሬሳው አጠገብ እያለቀሱ ‹ያስገባው ነሐስ ላሜራ› አሉኝ።»

አቶ ንጉሤ ብድግ አሉ። «እንዴ፣ ውባየሁ! ማሻሻያውን የነደፍኩት እኔ አይደለሁ? ነሐስ መሆኑን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?»

ውባየሁ ከደረት ኪሷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

«ሥዕሉ ይኸው። ‹የብረት ላሜራ› ነው የሚለው። የነሐሱ ሐሳብ ዛሬ ጠዋት የተወለደ ነው። ያንን ሊነግርህ የሚችለው ራሱ ኤርጎ ነው፤ በሕይወት እያለ፣ በምሳ ሰዓት፣ እዚህ።» ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው። «የወረቀቱን ጥግ በምላጭ ፍቀኸዋል። ወደ ብርሃን ሲያዙት ግን ‹ኤርጎ› የሚለው ይነበባል።»

ንጉሤ ሳጥኑ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሃያ ዓመት አስተማርኩ» አለ። «ስሜ አንድም ቀን ወረቀት ላይ አልወጣም። እሱ ወጣት ነው፣ ሌላ ዕድል አያጣም ብዬ… ዛሬ ጠረጴዛዋን በጣቱ ገፍቶ አሳየኝ፤ ከዚያ ደብዳቤውን አነሣ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ‹ጋሼ፣ ቢጠይቁኝ እኮ እሰጥዎ ነበር› አለኝ። ያችን ቃል መስማት አልቻልኩም፤ ብረቱን አነሣሁ። ከዚያ በጓሮ ወጥቼ መኪናዬን አስነሣሁና ሰባት ተኩል ላይ ጥሩንባ እየነፋሁ ገባሁ።»

የኤርጎ አባት ናቸው የተናገሩት፣ በተሰባበረ አማርኛ።

«የኛን ሰው፣ ቀጥቃጭን፣ ማንም ቤቱ አያስገባም። አንተ አስገባህ። ልጄ ልጅህ ነው አልህ። እኔ አሥር ዓመት ስጸልይ ያንተን ስም ከልጄ ስም በፊት ጠራሁ።» ጎንበስ ብለው የልጃቸውን ሸራ አስተካከሉ።

ለማ ጭንቅላቱን ይዞ ወደ በሩ ዞረ። «እኔ ሰደብኩት» አለ ለራሱ። «እኔስ በፊቱ ሰደብኩት።»

ውባየሁ ንጉሤን ራሷ በሰንሰለት አሰረችው። «ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ሌላም መርማሪ ነበር» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለምን እኔን ጠራኸኝ?»

ንጉሤ ዓይኗን ሸሸ። «ታምኚኛለሽ ብዬ።»

የአውሮፕላን ማረፊያውን ሲያቋርጡ ሰንሰለቱ በኮቱ ተሸፍኖ ስለነበር ያገኙት ሰዎች ሁሉ ቆባቸውን እያነሡ ሰላምታ ሰጡት። «ጋሽ ንጉሤ፣ እንደምን ዋሉ?» እሱም እንደ ወትሮው ራሱን ዝቅ እያደረገ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ውባየሁ መሬት መሬቱን እያየች ሄደች።

ንጉሤ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቆም አለ። «ባለቤቴ አየለች ከሌላ ሰው አፍ አትስማው። አንቺ ንገሪልኝ።»

ልትቆጣው ቃጥቷት ነበር። ነገር ግን አየለች ምንም አላደረገችም፤ አየለች የልጇ የክርስትና እናት ናት።

የንጉሤን ቤት በር ስታንኳኳ አየለች እየሳቀች ከፈተችላት። ከኋላዋ ወለሉ ላይ አዲስ ሻንጣ አፉን ከፍቷል፤ ሁለት ሹራብና አንድ ወፍራም ኮት ተጣጥፈው ገብተውበታል።

«አበልጄ፣ ግቢ እንጂ! ሳልነግርሽ ሰማሽ ማለት ነው? ጀርመን ብርዱ አጥንት ይሰብራል አሉኝ። እስቲ እይው፣ ይህ ኮት ይበቃዋል ትያለሽ?»

ውባየሁ ቆቧን አወለቀች። ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች፤ የአየለችን ሁለት እጆች ያዘች።

«አየለች» አለች፣ «መጀመሪያ ተቀመጪ።»