አዞው ያለበት ግድግዳ

ኸይሪን መጀመሪያ ያየሁት አፍንጫዬን ይዤ ነው።

የአክስቴ ልጅ ደሃብ ልትዳር ነበርና፣ እኛ ሴቶቹ ናይል ዳር ወዳለችው ወደ አብሪ ከተማ፣ ሙሽራው ቤት ሄደን የሙሽሮቹን ክፍል ግድግዳ እናስጌጥ ነበር። ምርጊቱ ሳይደርቅ አበባ ያላቸውን ሳህኖች እየተጫንን እንተክላለን፤ በዙሪያቸው ዛጎል እንደረድራለን። እኔ ከካርቱም ዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የመጣሁ ነኝ፤ ጭቃው ውስጥ እጄን መክተት እንኳ ይቀፈኝ ነበር።

የሙሽራው ወንድም ኸይሪ መሰላል ላይ ቆሞ ከክፍሉ በር በላይ የሞተ አዞ ይሰቅላል። ሠርጉ ደርሶበት ስለተቻኮለ፣ ጨው በወጉ ሳያጠጣው ገለባ ጠቅጥቆ ሰፍቶታል። ክርፋቱ ጉሮሮ ይይዛል። ከሆዱ ስፌት ወፍራም ቢጫ ጠብታ ወርዶ ክንዴ ላይ አረፈ። ያቦካሁት ጭቃ ላይ አስመለሰኝ።

ሴቶቹ ሳቁ። እናቱ ሐጃ ሰኪና አዞ ያለበት ቤት የሰው ዓይን እንደማይገባው ነገሩኝ።

«አፍንጫ ያለውማ ምን ሊሠራ ይገባል?» አልኩ።

ኸይሪ አልሳቀም። ወርዶ ውሃ አመጣና ክንዴን አጠበልኝ። የእሱም እጅ ይከረፋል። ቀና ብሎ አየኝ። ሽታው አልጠፋም፤ እጄን ግን አልነጠቅኩም።

በዓመቱ ሽማግሌ ሲልክ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ እኔ በምኖርበት ቤት ውስጥ አዞ አይሰቀልም። ሐጃ ሰኪና ተቆጡ። ልጄን ጠባቂ በሌለው ቤት አላስተኛውም ብለው ሠርጉን እምቢ አሉ። ወራት አለፉ፤ እኔም ከቃሌ አልተመለስኩም፣ እሳቸውም።

በመጨረሻ ኸይሪ የእኛን ቤት ከእናቱ ቤት አስጠግቶ ሠራ። አዞውን ከወንድሙ ክፍል በር አወረደና ከውጭ፣ በሁለቱ ቤቶች በሮች መሀል ሰቀለው።

«ጭንቅላቱ ያንቺን በር ይጠብቅ፣ እማ፤ ጭራው የእኛን» አላቸው። ሳይወዱ ሳቁ። ሠርጉም ሆነ።

የቤታችንን ሳህኖች ራሱ ተከላቸው፤ አንዱም ቀጥ አላለም። ዓመታት አብረን ኖርን። ከዚያ ወባ ወሰደው። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም።

አርባው ሲወጣ ሐጃ ሰኪና መሰላል አስመጡ። አሁን የተጸየፉት እሳቸው ነበሩ።

«ዘብ ነው ብዬ ይህን ሁሉ ዓመት ግማቱን ቻልኩ። አውርዱና ወንዙ ውስጥ ጣሉልኝ።»

«ለእኔ ይስጡኝ፣ እማማ» አልኩ።

«ላንቺ? በክርፋቱ ያስመለሰሽ ልጅ?»

የሆዱን ስፌት አሳየኋቸው፤ ትልልቅ፣ ጠማማ፣ የተቻኮለ እጅ ስፌት። በጣታቸው ዳሰሱትና ውሰጂው አሉ።

አሁን ከአልጋዬ ፊት ለፊት፣ ከተጣመሙት ሳህኖች መሀል ተሰቅሏል። ወንዙ ሲሞላ አየሩ ይረጥብና ይሸታል። ያንገሸግሸኛል። አፍንጫዬን እይዛለሁ፤ መስኮቱን ግን አልከፍትም።