ለዶክሱ ማን ይስገድለት?

ከዓመታት በፊት ዓሣ ለማድረቅ ስሰቅል ከድንጋዩ አጥር ወዲያ የሰማሁት ወሬ ግማሹ ጠፍቶብኛል። የቀረው ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «ምራትዎ ወይ ትስገድ፣ ወይ ትሂድ። ልጅቷ ግን ደማችን ናት እትዬ፣ እዚሁ ትቀራለች» ይላሉ ጋሽ ቾንሲክ። የወንድማቸው ሚስት እማማ ፒልሬ ምን እንደመለሱላቸው አላስታውስም።

ያ ቤት በባሕሩ ዳር ካሉት ቤቶች ሁሉ ሳቅ የማይለየው ነበር። አንድ የመከር ጠዋት የእማማ ፒልሬ አንድያ ልጅ ዶክሱ ዓሣ ሊያጠምድ እንደወጣ ቀረ። ጀልባው ተሰባብሮ ተገኘ፤ እሱ ግን... ባሕር የዋጠውን መቼ መልሶ ያውቃል? ሚስቱ ኦክቡን ትንሿን ማልሱክን ታቅፋ ቀረች። ኦክቡን ክርስቲያን ናት፤ እሑድ እሑድ ኮረብታውን ተሻግራ ጸሎት ቤት ትሄዳለች። ለሙታን የሚቀርበውን ማዕድ ሁሉ በእጇ ታበስላለች፣ ማዕዱ ፊት ግን አትሰግድም። ዶክሱ በሕይወት ሳለ ይህን ችሎላት ነበር። እሱ ሲጠፋ መንደሩ ጣቱን ቀሰረባት፤ የሞቱትን አባቶች አስቆጥታ ባሏን ያስበላች እሷ ናት ተባለ።

በበርበሬ ተለውሶ ለብርዱ ወራት የሚቀመጠው ጎመን የሚዘጋጅበት ጊዜ ደረሰ። እንደ ልማዱ ሴቶቹ በየተራ የአንዷን ቤት ጎመን ተረዳድተው ያጥባሉ፤ በኦክቡን ተራ ግን አንድ ሰው ዝር አላለም። ብቻዋን ተሸክማ ወደ ባሕሩ ወረደች። ባሏን በዋጠው በዚያው ውሃ ውስጥ ቆማ ጎመኗን አጠበች! ጣቶቿ በብርድ ሲሰነጣጠቁ፣ ጌታዋም ከከተማው በር ውጭ መገፋቱን እያሰበች በለሆሳስ ትዘምር ነበር። አንዷ ከላይ ሆና አምላኳ ወርዶ በርበሬውን ይለውስላት ብላ ስታፌዝባት፣ ኦክቡን ቀና ብላ «እሱ እስኪደርስ ጓንት አውሺኝ» አለቻት። ጓንቱን ያዋሳት የለም። ብቻዋን እንዳልሆነች ግን ታውቅ ነበር፤ ያ ባይሆን ማን በእግሩ ይቆማል?

ዶክሱ የጠፋበት ቀን ዞሮ መጣ። በእኛ ዘንድ ለሟች የሚሰግደው ታናሹ ነው። እናት ለልጇ አትሰግድም፣ አጎትም ለወንድሙ ልጅ አይሰግድም። ማልሱክ ደግሞ ገና ሕፃን ናት። የቀረችው ሚስቱ ብቻ ነበረች... ከዚህም የባሰ አለ፤ ወላጁን ቀድሞ የሞተ ልጅ በደለኛ ነውና እናቱ እንኳ አታለቅስለትም። እማማ ፒልሬ ያን ዓመት ሁሉ አንዲት የእንባ ዘለላ አላወጡም።

ማዕዱ ተሰናዳ፤ ካልተሰገደለት ግን የሟቹ ነፍስ ሳትቀምስ ትመለሳለች ይባላል። ጋሽ ቾንሲክ ወይ ስግደቷን ሊያዩ፣ ወይ ልጅቷን አስቀርተው እሷን ሊያሰናብቱ እየመጡ ነው።

«የማልሱክ እናት» አሉ እማማ ፒልሬ፣ «አንዴ ብቻ። ልጄ ተርቦ እንዳይመለስ።»

ኦክቡን ተንበረከከች፤ ወደ ማዕዱ ሳይሆን ወደ አማቷ። እጃቸውን ያዘች። «እማዬ፣ እሱን አልችልም። ዶክሱም ያውቅ ነበር። በእኛ ጸሎት ግን እናት ዞር በይ አትባልም። አብረውኝ ይቀመጡ። ስሙን ይጥሩት። ያልቅሱለት።»

«ላልቅስለት?»

«ያልቅሱለት፣ እማዬ።»

ኦ ያ ጩኸት! «ዶክሱዬ!» ሲሉ አጥር ተሻግሮ እስከ እኔ ጓሮ ድረስ ተሰማ። ዓመት ሙሉ የታፈነ እንባ በምን ይገደባል? ምራትና አማት ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ጋሽ ቾንሲክ በሩ ላይ ደርሰው ደርቀው ቀሩ።

እማማ ፒልሬ ፊታቸውን ሳይጠርጉ ቀና አሉ። «ቾንሲክ፣ አንተ ልትሰግድለት አትችል፣ እኔም አልችል። ይቺ ግን ለልጄ አስለቀሰችኝ። እሷም ልጇም ከዚህ ቤት የትም አይሄዱም።»

ጋሽ ቾንሲክ ምግቡ ሊቀዘቅዝ ነው ወይ ብለው ጠየቁ፤ ጫማቸውን አውልቀውም ገቡ።

ዕጣ ከሰው እጅ ብዙ ይነጥቃል... ግን ዘግተነው የኖርነውን በር እግዚአብሔር በማን እጅ እንደሚከፍተው ማን ያውቃል? ኦክቡን ጸልያ ስትጨርስ፣ ለከርሞም አብረዋት ይቀመጡ እንደሆነ ፈራ ተባ እያለች ጠየቀቻቸው። እማማ ፒልሬ ማልሱክን ጭናቸው ላይ አመቻቹ።

«እቀመጣለሁ» አሉ። «መዝሙሩን ግን አንቺው ተወጪው።»