የሃጂራ ደቦ

ጉሉማ በሮቤ ገበያ እህል ተራ ጎንበስ ብሎ ገብስ ዘገነ። አጠገቡ የቆመው ባለ ካፖርት ዞር ብሎ አላየውም።

«ገብሱ እርጥብ ነው» አለ ባለ ካፖርቱ።

«ፀሐይ ያደርቀዋል።»

የይለፍ ቃሉ ገጠመ። ባለ ካፖርቱ «አጎት» ይባላል፤ ከጎባ የመጣ የጉሉማ አለቃ። ጉሉማም ጉሉማ አይደለም። በ1975 ዓ.ም. ክረምት ይህን ስም ተሰጥቶት፣ ከሮቤ ወጣ ብሎ ባለው የመንግሥት እርሻ ጆንያ ሰፊ ሆኖ የገባ ሰላይ ነው።

«ልዑካኑ ከነገ ወዲያ ይገባሉ» አለ አጎት። «ምሥራቅ ጀርመኖቹም፣ ሶቪየቶቹም። በሥራ ጉዳይ እንተባበር ብለው የሚፈራረሙ ታላላቅ አገሮች ናቸው። እርሻችን ሥራ አጥነትን አጥፍቷል ብለናቸዋል።»

እውነት ነው፣ አጥፍቷል። ሥራ አጥ የተባለው ሁሉ ከየከተማው ታፍሶ የተራገፈው እዚያ ነበር። ደመወዝ የለ፣ መውጫ የለ። እንዲህ ከሆነማ ማን ሥራ ያጣል?

«ለእንግዶቹ ሊያጋልጠን ያሰበውን አስተርጓሚ አገኘኸው?»

«ዘይነዲን ነው። ኮምባይነር ነጂው። ላይፕዚግ ሲሠለጥን ጀርመንኛ ለምዷል። እንግዶቹ ፊት ወጥቶ ታፍሰን ነው የመጣነው ሊላቸው ነው።»

«ተባባሪዎቹስ?»

«አልነገረኝም። ግን ነገ እናቱ ደቦ ጠርተዋል።»

አጎት ፈገግ አለ። ለደቦ ተጠርቶ መቅረት ነውር ነው። ነገር ግን ከእርሻው ሾልኮ የሚመጣው ለዘይነዲን ነፍሱን የሚሰጥ ብቻ ነው። ወጥመዱን ያሰበው ጉሉማ ነበር። «አዴ ሃጂራ፣ ገብስዎ ሳይረግፍ ደቦ ይጥሩ» ብሎ የዘይነዲንን እናት የመከራቸው እሱ ነው። ቅጥር ሠራተኛ ነኝ ብሎ የሚያድረውም እሳቸው ቤት ነው።

«ልጁን አትግደሉት። እንግዶቹ እስኪሄዱ ያዙት፣ ይበቃል።»

«በእናቴ ሞት» አለ አጎት።

በማግስቱ ዘይነዲንን ጨምሮ ስድስት ሰዎች ከእርሻው ሾልከው መጡ። አዴ ሃጂራ ጩኮ አቀረቡ፤ የተቆላ ገብስ በቅቤ የታሸ። የመጀመሪያውን ለጉሉማ አጎረሱት።

«ብላ ኢልመኮ፣ ልጄ። አንተ ባትመክረኝ ገብሴ መሬት ይቀር ነበር።»

በላ። ጣፈጠው። ያናደደውም መጣፈጡ ነው።

ከዚያ ማጭዱን አጥሩ ላይ ሰቀለ። ስለቱን ወደ መንገዱ።

ለአጎት «ሁሉም እዚህ ናቸው» ማለት ነው።

የአጎት መኪኖች መጡ።

ሌሎቹ ሮጡ፤ ተያዙ። ዘይነዲን ግን የጉሉማን ክንድ ይዞ ከነዶው ጀርባ ጣለው።

«እዚህ ተኛ። የሚፈልጉት እኔን ነው። እንግዶቹ ሲመጡ አንተ ንገራቸው፣ ወንድሜ።»

እጁን ወደ ላይ አንስቶ ወጣ።

አጎት ተኮሰ።

ዘይነዲን ገብሱ ውስጥ ወደቀ። ጉሉማ ድምፅ ማውጣት አይችልም፤ ምሥጢሩ ይፈርሳል። አጎት ሰው እንዳይጠረጥረው የጉሉማን አፍ በሰደፍ መታው። ጥርሱ ረገፈ።

«ምለህ ነበር» አለው በደም መሀል፣ በሹክሹክታ።

«እናቴ የሞተችው ድሮ ነው» አለ አጎት፣ እንደ እሱው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ልዑካኑ መጡ። ጉሉማ አዲስ ቱታ ለብሶ ፊት ተሰለፈ። አንድ ጀርመናዊ በመንግሥት አስተርጓሚ በኩል ጉሉማን ስለቆመው ኮምባይነር ጠየቀው።

«ነጂው የት ሄደ?»

«ሌላ እርሻ ሊያግዝ» አለ ጉሉማ ባበጠ አፉ።

«ግሩም ትብብር ነው» አለ ጀርመናዊው፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ።

ግዳጁ አለቀ። ጉሉማ ልብሱን ሊወስድ ወደ አዴ ሃጂራ ቤት ተመለሰ። ብቻቸውን ያጭዳሉ። ገብሱ ግማሹ ቆሟል። ሲያዩት ቀና አሉ።

«እዚህ አገር ስለቱን ወደ መንገድ የሚሰቅል የለም። ሕፃን ያልፋል፣ ከብት ያልፋል። ትናንት አይቼህ ነበር። እንግዳ ነው፣ አያውቅም ብዬ ዝም አልኩ።»

ጉሉማ አፈረ፤ እዚያው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

ቤት ገብተው በቅጠል የተጠቀለለ ጩኮ ይዘው ወጡ። እጁ ላይ አስቀመጡለት።

«ደቦ የዋለ ባዶ እጁን አይሄድም። ያንተ ሥራ አልቋል።»

ተመልሰው ማጨዳቸውን ቀጠሉ።

አውቶቡሱ ወደ ጎባ ሲያዘግም፣ አጠገቡ የተቀመጠው ነጋዴ ስሙን ጠየቀው። ዛሬ ጠዋት የተሰጠውን ስም ነገረው።

«ጩኮውስ ከየት ነው? ሽታው ያውዳል።»

በጥርስ አልባ ድዱ ሊያኝከው ሞከረ። አልቻለም።

«ደቦ ውዬ ነው» አለ።