በሪሁን የቆለፈው ድምፅ

ይህ የፈጠራ ወሬ አይደለም። በእውነት የሆነ ነው።

ሰቆጣ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ጨለማ የለ፣ መብራት አልጠፋ... እኔን ያስፈራኝም ይኸው ነው።

የነገረኝ ነገሩ የደረሰበት ሰው ራሱ ነው፤ ስሙ መልሰው ይባላል። ከደብረ ታቦር ተመድቦ የመጣ የቢሯችን የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ስለ ሙት መንፈስ ሲወራ ከት ብሎ ይስቅ ነበር። አሁን አይስቅም።

የዚያን ቀን እማማ መስታወት የልጃቸውን ላፕቶፕ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ።

ልጃቸው በሪሁን በጦርነቱ ጊዜ ወደ ጽጽቃ እንደወጣ ቀረ። ስልኩም አብሮት ጠፋ። አስከሬን አልተገኘም። አባቱ ቄስ ገብረ አምላክ ጠብቀው ጠብቀው ተስፋ ቆረጡና በልብሱ ላይ አስለቅሰው፣ ፍትሐት አድርሰው፣ ተዝካሩን አወጡ። አገር በላ፣ አገር ጠጣ። እናቱ ግን አልቀመሱም። ሞቱ ያልተረዳ ሰው እንዴት ይፈታል ብለው ከባላቸው ጋር እስከዛሬ እንደተኳረፉ ናቸው።

በሪሁን ከመሄዱ በፊት ለእናቱ ድምፁን ቀድቶ ላፕቶፑ ውስጥ ቆልፎታል። የመቆለፊያውን ፕሮግራም የሠራው ራሱ ነው።

"መልኩን አልረሳሁም" አሉ እማማ መስታወት። "ድምፁ ግን እየጠፋብኝ ነው ልጄ... አንዴ ብቻ አሰማኝ።"

የመልሰውን አንጀት በሉት። ፕሮግራሙን በዲበገር ከፈተው።

ዲበገር ፕሮግራምን አንገቱን ይዞ የሚያስኬድ መሣሪያ ነው። የትኛውም ፕሮግራም በራሱ ፋይል መክፈት፣ ብሉቱዝ መነካካት አይችልም፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን መለመን አለበት። ሲስተም ኮል የሚሉት ይህን ልመና ነው። መልሰው በእያንዳንዱ ልመና ላይ ያስቆመዋል። ምን እንደጠየቀና ምን እንደተመለሰለት ያያል። ቁልፍ ሲጫን ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ብዙም ሳይቆይ ነገሩ ገባው። ፕሮግራሙ በብሉቱዝ የበሪሁንን ስልክ ይፈልጋል። ስልኩ በአካባቢው ካለ ይከፍታል። ከሌለ እንደተቆለፈ ይቀራል።

የመጣለት መልስ "የለም" ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። በዲበገር መልሱን መለወጥ ይቻላል። መልሰው "የለም"ን አጥፍቶ "አለ" ብሎ ጻፈለት።

ፍትሐት ለተደረሰለት ሰው... አለ።

እማማ ምን እየሠራ እንደሆነ ጠየቁት። ልጅዎ እዚህ እንዳለ አድርጌ ፕሮግራሙን እያታለልኩት ነው አላቸው።

"አላታለልከውም" አሉ ቀስ ብለው።

ቁልፉን ተጫነ። ፕሮግራሙ እንደገና ጠየቀ። ለካስ ደጋግሞ ነው የሚያጣራው። መልሰው መልሱን ሊለውጥ ሲል...

መልሱ ራሱ "አለ" ይላል።

አልነካውም። ከጎኑ የተጻፈውን የሲግናል ጉልበት አየ። ደካማ ነው። ስልኩ ከግቢው አጥር ውጭ ነው ማለት ነው።

ተጫነ። ጠነከረ። ግቢ ውስጥ ገብቷል።

ተጫነ። ኮሪደሩ ላይ ነው።

የቢሮው በር ክፍት ስለሆነ ኮሪደሩ ከወዲያ እስከ ወዲህ ይታያል። ፀሐይ እንጂ ሰው የለም።

ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሣ። እኔ ካልተጫንኩ ፕሮግራሙ አይራመድም፤ የሚመጣውም ባለበት ይቆማል ብሎ አሰበ።

"ለምን አቆምክ?" አሉ እማማ በሹክሹክታ።

"እማማ... ይቅርብዎ።"

"ልጄን ደጅ ላይ ልታቆመው ነው?"

ስለ ደጁ አንዲት ቃል አልነገራቸውም ነበር።

እጃቸውን ዘረጉና ራሳቸው ተጫኑት።

ድምፁ ወጣ። የወጣት ድምፅ ነው፤ የተረጋጋ፤ በኽምጣንጋ የሚናገር። መልሰው ቋንቋውን አይሰማም። እማማ መስታወት እያለቀሱ መለሱለት። ድምፁ ዝም ብሎ ጠበቃቸው... ሲጨርሱ ቀጠለ። እንደገና ተናገሩ። እንደገና ጠበቃቸው።

ድምፁ የተቀዳው እኮ በሪሁን ከመሄዱ በፊት ነው።

ከዚያ ሁሉ ንግግር መልሰው አንድ ቃል ብቻ ለየ። ተዝካር።

"ምን አለ?"

እማማ መስታወት እንባቸውን ጠረጉ። እንደዚያ የመረረው ፊት አይቶ አያውቅም።

"ማን በላው? ይለኛል።"

ተነሥተው ወጡ። ላፕቶፑን ዞር ብለውም አላዩት።

መልሰው በመስኮት ተከተላቸው። ቁልቁል ወደ ቤታቸው፣ ወደ ቄስ ገብረ አምላክ እየሄዱ ነው። ጠረጴዛው ላይ ፕሮግራሙ ማንም ሳይጫነው ይጠይቃል። "አለ" ይባላል። እርሳቸው በራቁ ቁጥር ሲግናሉ እየደከመ ሄደ።

መንገዱ ላይ ቆም አሉ። የነጠላቸውን አንድ ወገን ከጎናቸው ከፍ አድርገው ዘረጉት፤ ከእርሳቸው የሚረዝም ሰው ከፀሐይ እንደሚከልሉ ዓይነት።

ከዚያ እጃቸውን አወረዱ።

ነጠላው አልወረደም።